የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ስለ ነዳጅ ፍጆታ አያያዝ ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጋላፊ ድንበር በኩል ጅቡቲ ወደብ የሚደርሰው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ለዓመታት ተመላልሻለሁ። ሹፌርንና ባለንብረትን ከሚያጣሉ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ናፍጣ ነው። «ይሄ ሁሉ ሊትር የት ገባ?» ይባላል። ሹፌሩ መልስ ያጣል። ብዙውን ጊዜ መልስ የሚያጣው ሰርቆ አይደለም፤ ሳይጽፍ ቀርቶ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ወጣት ሹፌሮችና ረዳቶች ማደያ ወረፋ ላይ ቆመን ደጋግመው የሚያነሱልኝ ናቸው።

መኪናዬ በሊትር ስንት እንደሚሄድ በትክክል የማውቀው እንዴት ነው?

ከፉል እስከ ፉል በመለካት። ለሹፌር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

የነዳጅ ጋኑን፣ እኛ ሰልባትዮ የምንለውን፣ አፉ ድረስ ሙሉት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፉ። ከዚያ ሂዱ። መንገድ ላይ የምትቀዱትን እያንዳንዱን ሊትር መዝግቡ። ስትመለሱ እዚያው ማደያ ገብታችሁ እንደገና ፉል አድርጉ። መንገድ ላይ የቀዳችሁት እና የመጨረሻው ሙሌት ሲደመር ያቃጠላችሁት ነዳጅ ይሆናል። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለእሱ አካፍሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ የሞላውንም ሲደምር ነው። የመጀመሪያው ፉል መነሻ ብቻ ነው። ሊትሩ አይቆጠርም።

ሌላው ስህተት የሚመጣው ሁለቱ ሙሌቶች እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። መኪናው ትንሽ ዘንበል ብሎ ከቆመ 400 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ላይ ብዙ ሊትር ሊያጎድል ወይም ሊያተርፍ ይችላል። ናፍጣ ሲቀዳ አረፋ ያነሳል፤ መቅጃው ጠቅ ብሎ ሲቆም የሞላ ይመስላል እንጂ አረፋው ሲረግፍ ገና ቦታ አለው። ሁለት ሰልባትዮ ያለው መኪና ደግሞ በመሐል ያለው ቱቦ ቀጭን ስለሆነ አንዱ ሞልቶ ሌላው ሳይሞላ ይቀራል። ሁለቱንም ለየብቻ ሙሉ።

እኔ አዳማ ላይ አንድ ማደያ አለችኝ። ሁልጊዜ ሁለተኛው ማሽን ጋ እቆማለሁ። መሬቱ እዚያ ጋ ደልዳላ ነው። ቀጂው መቅጃው ሲቆም ይጠብቃል፣ አረፋው እስኪተኛ አንድ ሁለት ደቂቃ እንታገሳለን፣ ከዚያ ናፍጣው የአንገቱ ብየዳ ላይ እስኪደርስ ቀስ እያለ ይጨምራል። ያቺ ብየዳ ናት የእኔ ፉል። እናንተም የራሳችሁን ምልክት ምረጡና አትቀይሯት።

የነዳጅ ጌጁ ግማሽ ሲል እውነት ግማሽ ነው?

አይደለም። ጌጅ ነዳጅ እያለቀ መሆኑን ለማስጠንቀቅ ነው የተሠራው። መኪናው ዳገት ላይ ሲሆን አንድ ነገር ይላል፣ ቁልቁለት ላይ ሌላ። ሰልባትዮው ክብ ከሆነ ደግሞ ከላይና ከታች ያለው አንድ ጣት እና መሐል ላይ ያለው አንድ ጣት እኩል ሊትር አይይዙም።

ዘንግ ይሻላል። ሰልባትዮው ባዶ በሆነበት ቀን በ50፣ በ50 ሊትር እያስቀዳችሁ በእያንዳንዱ ላይ ዘንጉን አስገብታችሁ ምልክት አውጡ። አንድ ጠዋት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ቆማችሁ ካደራችሁበት ቦታ ስትነሱ የጎደለ ነገር እንዳለና እንደሌለ በግማሽ ደቂቃ ታውቃላችሁ።

ስወርድ ጥሩ ይሄዳል፣ ስወጣ ይበላል። የቱን ነው የምይዘው?

ይህ የጅቡቲ መስመር ዋናው ጥያቄ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ወደ ወደቡ ስንወርድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነን፣ ወይም ቡናና ሰሊጥ የመሰለ የወጪ ዕቃ ይዘናል። ስንመለስ ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ኮንቴይነር ጭነን ከባሕር ወለል ወደ ደጋ እንወጣለን። ሞጆ ደረቅ ወደብ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከነጭነቱ 50 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 60 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈልጋል። ይህ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲንከባለልና ነፋሱን ሲገፋ የሚያወጣውን አይጨምርም። ከፍታውን ለማሸነፍ ብቻ የሚሄድ ነው። ሹፌር ጥሩ ነዳ፣ መጥፎ ነዳ፣ ያ 60 ሊትር አይቀርም።

ስለዚህ መውጫውን ብቻ ለክቶ «ይህ መኪና ነዳጅ ይበላል» ማለት ስህተት ነው። መውረጃውን ብቻ ለክቶ መኩራራትም እንደዚሁ። የሚያዘው ደርሶ መልሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ወጥመድ አለ። እኔን ራሴን ጎድቶኛልና በደንብ አንብቡት።

መኪናው ሲወርድ በሊትር 3 ኪሎ ሜትር፣ ሲወጣ በሊትር 1.8 ይሄዳል እንበል። አማካዩ ስንት ነው? ሰው ሁሉ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 2.4 ይላል። ልክ አይደለም። 900 ኪሎ ሜትሩን ለመውረድ 300 ሊትር ሄደ። ለመውጣት 500 ሊትር። ድምሩ 800 ሊትር ነው። 1800 ኪሎ ሜትር ለ800 ሲካፈል 2.25 ነው።

በ2.4 እና በ2.25 መካከል ያለው ልዩነት ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በአንድ ደርሶ መልስ ግን 50 ሊትር ነው።

ያን 50 ሊትር ነው አንድ ጊዜ አንድ ባለንብረት «የት አደረስከው?» ያለኝ። «በሊትር 2.4 ነው የምትሄደው፤ 750 ይበቃህ ነበር» አለኝ። ልጆቼን የማሳድግበት ደሞዝ ላይ ቆረጠብኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ሌባ መባሉ ነበር ያመመኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ ቢሮው ገባሁና «ጋሼ፣ ይህችን ብቻ ይዩልኝ» ብዬ ከላይ የጻፍኩትን ሒሳብ ፊቱ ሠራሁለት። ሊትሩን ለብቻ፣ ኪሎ ሜትሩን ለብቻ ደመርኩ። ዝም ብሎ አየ። ደግሞ ራሱ ሠራው። በወሩ መጨረሻ የቆረጠውን መለሰልኝ።

ሁልጊዜ ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ለጠቅላላ ሊትር ይካፈል። አማካይን ከአማካይ ጋር አትደምሩ።

መስመር ቀይራችሁ ከሆነም ለየብቻ ያዙት። በደብረ ብርሃንና በኮምቦልቻ አድርጎ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። የእሱ ቁጥርና የአዋሽ መስመር ቁጥር አንድ ላይ አይነጻጸሩም።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ፍጆታ ማመን እችላለሁ?

ለንጽጽር ይጠቅማል፤ ለሒሳብ መዝጊያ አይሆንም። ኮምፒውተሩ ናፍጣውን በሊትር አይሰፍርም። ወደ ሞተሩ የረጨውን እየገመተ ነው የሚደምረው። ከማደያው ሊትር ጋር ሲነጻጸር በጥቂት በመቶ ወደ አንዱ ወገን ያደላል። ጥሩነቱ ሁልጊዜ ወደዚያው ወገን ማድላቱ ነው። አምስት ጉዞ ከፉል እስከ ፉል ለክታችሁ ምን ያህል እንደሚስት ካወቃችሁ፣ መንገድ ላይ ፍጥነትና ማርሽ ሲለዋወጥ ምን እንደሚያመጣ በእሱ መከታተል ትችላላችሁ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውስ ይሳሳታል?

አዎ፣ በጎማ ምክንያት። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማ ሲበላ ዙሪያው ያንሳል፤ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ያለቀ ጎማ ያደረገ መኪና ከሄደው በላይ ይቆጥራል። በአዲስና ባለቀ ጎማ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይደርሳል።

አዲስ ጎማ ባስገባችሁ ማግስት ፍጆታው የጨመረ ቢመስላችሁ አትደንግጡ። መኪናው አልተበላሸም፤ ቆጣሪው ማጋነኑን ስለተወ ነው። ሞተር ለማስፈተሽ ከመሮጣችሁ በፊት ጎማ የቀየራችሁበትን ቀን ደብተር ላይ ፈልጉ።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። የስልካችሁ ጂፒኤስ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ከአዋሽ በኋላ ባለው ሜዳ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስልኩንና ቆጣሪውን ጎን ለጎን ይዛችሁ ሂዱ። ቆጣሪው 102 ካለ 2 በመቶ ያጋንናል ማለት ነው። ያንን ከሒሳባችሁ ላይ አንሱ።

ቆሜ የማቃጥለው እንዴት ይያዛል?

ለብቻው፣ በሰዓት። የከባድ መኪና ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ኤሲ ከተከፈተ ከዚያ በላይ።

ጋላፊ ወረፋ ላይ፣ ወደብ በር ላይ፣ በየኬላው የምንቆመውን አስቡት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሞተር አጥፍቶ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ከባድ ነው። ማንም ሰው በዚያ አይፈረድበትም። ነገር ግን 12 ሰዓት ሞተር ሳይጠፋ ከተቆመ 36 ሊትር ሄዷል። በሊትር 2.25 ለሚሄድ መኪና ያ 80 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ቆጣሪው ላይ ግን አንድም ኪሎ ሜትር አልተጨመረም። ካልጻፋችሁት ማን ያምናችኋል?

ሞተር ያስነሳችሁበትንና ያጠፋችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ረዳቱ ቢይዘው ይመረጣል።

አፋር ላይ ናፍጣ በሙቀት ያብጣል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ከ1000 እጅ 0.8 ያህል ይጨምራል። ማለዳ በ18 ዲግሪ የተሞላ 400 ሊትር፣ 42 ዲግሪ ሲደርስ 8 ሊትር ያህል ቦታ ይጨምራል። እስከ አፉ ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ ካቆማችሁት በመተንፈሻው ይፈስሳል። አንድ ጊዜ ሎጊያ ላይ ከሰልባትዮው ሥር መሬቱ ርሶ አይቼ የተቀደደ መስሎኝ ነበር። ፉል ካደረጋችሁ ወዲያው መንገድ ጀምሩ።

ለመለኪያው ደግሞ ትርጉሙ ይህ ነው፦ በብርድ ሞልታችሁ በብርድ ዝጉ። ማለዳ አዳማ የተጀመረ ልኬት እኩለ ቀን ሰመራ ላይ ቢዘጋ ሊትሩ ይዋዥቃል። ሙቅ ናፍጣ ሊትሩ ያው ሆኖ ክብደቱ ያንሳል።

ማደያው አጉድሎ ቢቀዳልኝስ? ከጀሪካን የገዛሁትስ?

ማሽኑን የምትጠረጥሩ ከሆነ ባለ 20 ሊትር መስፈሪያ ጠይቁ፤ በእሱ ይቀዳላችሁና እዩት። ሁልጊዜ ከአንድ ማደያ ሲቀዳ ብቻ ፍጆታው የሚጨምር ከሆነም ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል።

የጀሪካን ነገር ከባድ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ መንገድ ላይ ከመቅረት ጀሪካን የገዛ ሹፌር ብዙ ነው። ነገር ግን «20 ሊትር» የተባለው 20 ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለም አይታወቅም። ያ ጉዞ ላይ «ጀሪካን አለበት» ብላችሁ ምልክት አድርጉና ከአማካይ ሒሳብ አውጡት። የሞተሩን ጤና ነገር ደግሞ አደራ።

አንድ ነገር ግን ቀሎልናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ በቴሌብር መክፈል ከመጣ በኋላ ቀኑና ብሩ ስልክ ላይ ይቀራል። ማስረጃ ነው፤ አታጥፉት። ሒሳቡን ግን በብር አትሥሩ። ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጣል። አምና በዚህ ብር ይሄድ የነበረው ጉዞ ዘንድሮ አይሄድም፤ መኪናው ግን ያው ነው። ሊትር ጻፉ።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቼ ፎሌ ብለቀው ይቆጥባል?

አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው ክብደት ነው፤ ናፍጣ አይረጭም። ፎሌ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መቃጠል አለበት። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ሕይወት ነው። ፎሌ የተለቀቀ ተሳቢ በፍሬን ብቻ ይያዛል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ አይዝም። በዚህ ጓደኛ ቀብረናል። እባካችሁ አታድርጉት።

ደብተሩ ላይ ምን ምን ይጻፍ?

የእኔ አንድ ጉዞ ይህን ይመስላል፦

ቅዳሜ ማለዳ፣ አዳማ፣ ቆጣሪ 412,380፣ ፉል፣ መነሻ፣ ባዶ።
እሑድ፣ ሰመራ፣ ቆጣሪ 412,868፣ 170 ሊትር።
ሐሙስ፣ ሰመራ ስመለስ፣ ቆጣሪ 413,516፣ 285 ሊትር፣ ማዳበሪያ ጭኛለሁ፣ ወደብ ላይ ሞተር ሳይጠፋ ለ7 ሰዓት ቆሜያለሁ።
ቅዳሜ ማለዳ፣ አዳማ፣ ቆጣሪ 414,004፣ ፉል፣ 270 ሊትር።

የሄድኩት 1,624 ኪሎ ሜትር። የቀዳሁት 725 ሊትር። በሊትር 2.24።

አራት መስመር ነው። ጎን ላይ የጭነቱን ኩንታል፣ ጎማ ወይም ዘይት ከተቀየረ እሱን፣ የአፋር ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ እሱንም እጨምራለሁ። ማደያው ላይ ቆሜ እያለሁ እጽፋለሁ እንጂ «ማታ እጽፈዋለሁ» አልልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

ከስንት ጉዞ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚታመነው?

ከአራት አምስት ደርሶ መልስ በኋላ። የሙሌት ስህተት 10 ሊትር ነው ብንል፣ 100 ሊትር ላይ 10 በመቶ ነው። 800 ሊትር ላይ ግን ከ1 በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። በአጭር መንገድ የተለካ ፍጆታ ማንንም አያስከስስም፣ ማንንም አያስመሰግንም።

ፍጆታው በድንገት ቢጨምር ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ሒሳቡን ደግማችሁ ሥሩ። ቀጥሎ የጎማ ንፋስ። ከዚያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ከሌሎቹ የበለጠ የሚግል ካለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮ በአፋር አቧራ ቶሎ ይታፈናል። ጥቁር ጭስ ካለ መካኒክ ጋ ሂዱ። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ዘንጉን አውጡና ማታና ጠዋት ለኩ።

አሜሪካ ነው የምነዳው። ለእኔም ይሠራል?

ዘዴው ያው ነው፤ መስፈሪያው ይለያል። አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር፣ አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። በጋሎን 6.5 ማይል የሚሄድ መኪና በእኛ አቆጣጠር በሊትር 2.76 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

እዚያ ደብተሩ በሕግም ይፈለጋል። ከግዛት ግዛት የሚያቋርጡ ከባድ መኪኖች ኢፍታ በሚባለው የግዛቶች የነዳጅ ታክስ ስምምነት መሠረት በየሦስት ወሩ በየግዛቱ የሄዱትን ማይልና የቀዱትን ጋሎን ያሳውቃሉ። መዝገቡም ለ4 ዓመት ይቀመጣል። ታክሱ የሚሰላው በጠቅላላ ማይልና በጠቅላላ ጋሎን ነው፤ እዚህ ከተናገርኩት ሒሳብ ጋር አንድ ነው። ዴፍ፣ የጭስ ማጽጃው ፈሳሽ፣ ነዳጅ አይደለምና አብራችሁ አትደምሩት። የማቀዝቀዣ ተሳቢ የሚጎትት ሰውም የማቀዝቀዣውን ናፍጣ ከመኪናው ለይቶ ይጻፍ፤ ደረሰኙም ለየብቻ ይሁን።

ባለንብረቱ ደብተሬን አላምንም ቢለኝስ?

አንድ ጉዞ ራሱ ወይም የሚያምነው ሰው አብሮ ይምጣ። መነሻው ፉል ሲደረግ ይቁም፣ ቆጣሪውን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ መዝጊያውም ላይ እንደዚሁ። ከዚያ ገጹ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። እኔ አሁን የምሠራለት ሰው ጋር በየስድስት ወሩ እንዲህ እናደርጋለን። የፈረምንባቸውን ገጾች ጋቢና ውስጥ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፕላስቲክ ይዣቸዋለሁ።